የአጥንት ናሙና በአንቲቦዲ አልቀለም ሲላችሁ፦ ከፎርማሊኑ እስከ ስላይዱ

ደሴ ነው የምሠራው፣ ሂስቶፓቶሎጂ ላብራቶሪ (የሰውነት ናሙና ተቆርጦና ቀልሞ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ክፍል) ውስጥ። ከኮምቦልቻም ከወልዲያም የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዲት ጀማሪ ቴክኖሎጂስት ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ የዳሌ አጥንት ናሙና ነው። የጡት ካንሰር የነበረባቸው እናት ናቸው። ኢስትሮጅን ሪሴፕተሩ ጭራሽ አልቀለመም። አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆን?»

«ካልሲየሙን በምን አወጣሽው?»

«በናይትሪክ አሲድ።»

«ስንት ሰዓት ቆየ?»

ዝም አለች። አርብ ከሰዓት አስገብታው ሰኞ ጠዋት ነው ያወጣችው።

ይኼን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእሷና እንደ እሷ ለሚጠይቁኝ ሁሉ ነው። መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ አንቲቦዲው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት አጥንቱ የገባበትን ብልቃጥ ጠይቁ። አንቲቦዲ አንድን የሴል ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል፤ ያ ፕሮቲን «አንቲጅን»፣ በአንቲቦዲ የማቅለሙ ሥራ ደግሞ በአጭሩ «ኢሚውኖ» ይባላል። አሲድ ያጠፋው አንቲጅን «ኔጌቲቭ» ይመስላል። ኔጌቲቭ ግን አይደለም። የሆርሞን መድኃኒት ይጠቅም እንደሆነ የሚጠቁመው ኢስትሮጅን ሪሴፕተሩ ስለሆነ፣ ታማሚዋ ሊጠቅማት የሚችለውን መድኃኒት ልታጣ የምትችለው በዚህች ስህተት ነው።

መጀመሪያ፣ አሲዱ ምን ያደርጋል?

አጥንት ካልሲየሙ ካልወጣለት ማይክሮቶም (ናሙናን በስሱ የሚቆርጠው ማሽን) አይቆርጠውም። ቢላዋው ይንቋቋል፣ ሴክሽኑ (ስሱ ቁራጭ) ይቀደዳል። ስለዚህ ካልሲየሙን እናወጣለን። በየላብራቶሪው «ዲካል» የምንለው ይኼንን ነው። ችግሩ ካልሲየሙን የሚያሟሟው ፈሳሽ አጠገቡ ያለውን ሴልም አይምርም።

ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያስራል። ያንን እስራት በኋላ በሙቀት እንፈታዋለን፣ አንቲቦዲውም የሚይዘውን ያገኛል። አሲድ ግን ማሰር አይደለም ሥራው። ፕሮቲኑን ይቆርጣል፣ ቅርጹን ያፈርሳል፣ ዲኤንኤውን ይበጣጥሳል። የታሰረ ይፈታል፤ የተቆረጠ ግን ስላይዱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታፈሉት አይመለስም።

ሁሉም አንቲጅን እኩል አይጎዳም። ኒውክሊየስ ውስጥ ያሉት፣ እነ ኪ-67 (የሚባዙ ሴሎች ምልክት)፣ ኢስትሮጅን ሪሴፕተርና ፕሮጄስትሮን ሪሴፕተር፣ በቶሎ ይደክማሉ። ከኒውክሊየስ ውጭ ያሉት፣ እነ ሳይቶኬራቲን፣ ሲዲ20፣ ሲዲ3፣ ሲዲ138፣ በአብዛኛው ሻል ብለው ይቆያሉ። ስለዚህ አንድ ስላይድ ላይ ሳይቶኬራቲኑ ደምቆ ኪ-67ቱ ባዶ ቢሆን «ቀለሙ ስለሠራ ኪ-67ቱም ትክክል ነው» አትበሉ። ሁለቱ የሚችሉት የአሲድ መጠን አይገናኝም። የአንቲቦዲው ክሎንም (የተሠራበት ዝርያ) ለውጥ ያመጣል፤ አንዱ ክሎን የሚያጣውን ሌላው ሊያገኘው ይችላል።

የሚያስፈልጋችሁ

- 10 በመቶ ኒውትራል በፈርድ ፎርማሊን
- ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ እና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ዋናው ምርጫችን ይኼ ነው)
- ፎርሚክ አሲድ (ለሚያስቸኩል ናሙና)
- የተጣራ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ራሱ ካልሲየም አለበት፣ ኢዲቲኤው አጥንቱ ጋ ሳይደርስ በዚያ ይጠመዳል።
- ፒኤች ሜትር፤ ከሌለ ጠባብ ልኬት ያለው የፒኤች ወረቀት
- ስስ የአጥንት መጋዝ፣ ካሴት (ትንሿ የናሙና መያዣ)፣ እርሳስ
- አሞኒያ፣ የአሞኒየም ኦክሳሌት ሙሙት፣ ሊትመስ ወረቀት
- ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ስላይዶች
- በፈር (ፒኤችን የሚጠብቅ ፈሳሽ)፦ ሲትሬት በፈር ፒኤች 6፣ ትሪስ-ኢዲቲኤ በፈር ፒኤች 9
- ቴርሞሜትር እና ፕሬሸር ኩከር (ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታዩታላችሁ)
- ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ አየር የሚስብ ሁድ

ደረጃ 1፦ ለስላሳውን ከጠንካራው ለዩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይኼንን ያዙ። ናሙናው እንደመጣ ሁሉንም ወደ ዲካል አትገልብጡት። ፔትሪ ዲሽ ላይ አፍሱትና በፒንሴት ነካ ነካ እያደረጋችሁ ፈልጉ። ዕጢ አጥንትን ሲበላ ብዙ ጊዜ አጥንት የሌለበት ለስላሳ ቁራጭ ይተዋል። ግራጫ ወይም ነጣ ያለ፣ በመርፌ ሲነካ የማይንቋቋ ነው። እሱን በራሱ ካሴት አድርጉና ዲካል ሳይነካው እንደማንኛውም ናሙና አሳልፉት። ኢሚውኖው የሚሠራው በዚያ ብሎክ (ፓራፊን ውስጥ የተቀበረ ናሙና) ላይ ነው።

የደወለችልኝን ልጅ ያልኳትም ይኼንኑ ነው። «አብሽሪ፣ ብልቃጡን ጣልሽው እንዴ?» አልጣለችውም። ፎርማሊኑ ሥር የምስር ፍሬ የምታክል ለስላሳ ነገር ቀርታ ነበር። ያቺን አሳለፈቻት። ኢስትሮጅን ሪሴፕተሩ በግልጽ ቀለመ።

የመቅኒ ናሙና ከሆነም ያው ነው። ከመርፌው ጋር የሚመጣው የረጋ ደም ካልሲየም የለውም፤ አትጣሉት፣ ለብቻው ብሎክ ይሁን። የአጥንት ቲቢ ተጠርጥሮ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ዲኤንኤ ምርመራ) የሚታዘዝ ከሆነ ደግሞ ለእሱ የሚሄደው ቁራጭ ፎርማሊንም አሲድም ሳይነካው መለየት አለበት። ይኼን ለቀዶ ሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩት። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ከመጣ በኋላ ብትነግሩት ምንም አይጠቅምም።

ደረጃ 2፦ አጥንቱን ቁረጡ፣ ከዚያ በደንብ ፊክስ አድርጉ (በፎርማሊን አጽኑ)

ትልቅ አጥንት ከሆነ በመጋዝ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት። ቀጭን ከሆነ ፎርማሊኑም ዲካሉም ቶሎ ይገባል፤ አሲድ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። የመጋዙን ዱቄት በውሃ አጥቡት፣ አለበለዚያ በኋላ ስላይዱ ላይ ቆሻሻ መስሎ ይታያል።

የፎርማሊኑ መጠን የናሙናውን 20 እጥፍ ይሁን። ለአጥንት ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ለወፍራሙ 48 ሰዓት ስጡት። የመቅኒ መርፌ ናሙና ቀጭን ስለሆነ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ለምን ይኼን ያህል? በደንብ ያልተፊክሰ ሴል አሲድ ሲያገኘው ይቀልጣል። ፎርማሊኑ የሴሉ ጋሻ ነው። ሐኪሙ ውጤት ቶሎ ስለፈለገ የፊክሴሽኑን ሰዓት ቆርጣችሁ ወደ አሲድ የምታስገቡ ከሆነ ያተረፋችሁት ጊዜ የለም፤ የማይነበብ ስላይድ ነው የምታወጡት።

ፎርማሊኑን ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ፦ 100 ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬትድ ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌት፣ 6.5 ግራም ውሃ የሌለው ዳይሶዲየም ፎስፌት። ፎስፌቱን «ምን አላት» ብላችሁ አትተዉት። በፈር የሌለው ፎርማሊን ቆይቶ ራሱ አሲድ ይሆናል፣ ደም የበዛበት መቅኒ ላይም ጥቁር ቡናማ ፒግመንት ያስቀራል። ያ ፒግመንት በኋላ ከኢሚውኖው ቡናማ ቀለም ጋር ያምታታችኋል።

ደረጃ 3፦ ፎርማሊኑን እጠቡ

በሚፈስ ውሃ ለግማሽ ሰዓት፣ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎርማሊንና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይገናኙ። ሁለቱ ሲደባለቁ ቢስ ክሎሮሜቲል ኤተር የሚባል ካንሰር አምጪ ነገር ሊፈጠር ይችላል። ፎርማሊን ያረጠበውን አጥንት ቀጥታ አሲዱ ውስጥ የመጣል ልማድ በየቦታው አይቻለሁ። ተዉት፣ ሳንባችሁ የእናንተ ነው። በረኪናም ከፎርማሊን ጋር አይደባለቅ።

ደረጃ 4፦ ካልሲየሙን አውጡ

ሦስት መንገድ አለ። ለኢሚውኖ ያላቸው ዋጋ እኩል አይደለም።

*ኢዲቲኤ።* እንደ አሲዶቹ አያሟሟም፣ ካልሲየሙን አንድ በአንድ እየያዘ ያወጣል። ፕሮቲኑንም ዲኤንኤውንም አይቆርጥም። ኢሚውኖ፣ ሄር-2 በፊሽ፣ ፒሲአር (ሁለቱ የዲኤንኤ ምርመራዎች ናቸው) የሚታሰብበት ናሙና ሁሉ በዚህ ቢሄድ ጥሩ ነው። ጉዳቱ ጊዜው ነው።

ለ1 ሊትር 10 በመቶ፦ 100 ግራም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። መጀመሪያ አይሟሟም፣ እንደ ኖራ ውሃ ነጥቶ ይቆማል። አትደንግጡ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጥቂት በጥቂቱ እያማሰላችሁ ጨምሩ፤ ወደ 10 ግራም ገደማ ይፈጃል። ፒኤቹ ከፍ እያለ ሲሄድ ፈሳሹ እየጠራ ይመጣል። 7.2 እና 7.4 መካከል ሲደርስ አቁሙና እስከ 1 ሊትር ሙሉት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ሲሟሟ ስለሚሞቅና ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንታችሁን አታውልቁ።

ፈሳሹ የናሙናው 20 እጥፍ ይሁን። ካሴቱ ከብልቃጡ ወለል ላይ አይተኛ፤ በክር ተንጠልጥሎ ፈሳሹ በዙሪያው ይዙር። ማማሰያ ካላችሁ ቀስ ብሎ ይዙር። መጀመሪያ በየቀኑ፣ ኋላ በ2 በ3 ቀን ፈሳሹን ቀይሩ፣ ምክንያቱም ኢዲቲኤው ካልሲየም በያዘ ቁጥር ፒኤቹ ይወርዳል፣ ጉልበቱም ያልቃል። የመቅኒ መርፌ ናሙና ከ1 እስከ 3 ቀን፣ ስፖንጅ የመሰለው የውስጥ አጥንት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ፣ ጠንካራው የውጭ አጥንት ሳምንታት ይፈጅበታል። የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ብታስገቡት ይፋጠናል፣ አንቲጅኑም ብዙ አይጎዳም።

*ፎርሚክ አሲድ።* መካከለኛው ነው። 100 ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬትድ ፎርሚክ አሲድ ወደ 900 ሚሊ ሊትር ውሃ። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። የመቅኒ ናሙና ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ሌሊት፣ የውስጥ አጥንት ከ1 እስከ 3 ቀን ይበቃዋል። ሰዓቱን ከተቆጣጠራችሁ አብዛኛው ኢሚውኖ ይሠራል። ዲኤንኤ ለሚፈልግ ምርመራ ግን አትተማመኑበት።

*ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ።* ፈጣን ናቸው፣ በሰዓታት ይጨርሳሉ። ኢሚውኖ ሊታዘዝበት ይችላል ብላችሁ ለምትጠረጥሩት ናሙና አትጠቀሙባቸው። ገበያ ላይ በፋብሪካ ስም የሚሸጡ «ፈጣን ዲካል» ፈሳሾችም ብዙዎቹ ውስጣቸው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

አሲድን አታሙቁ። በሙቀት ካልሲየሙ ቶሎ ይወጣል፣ አንቲጅኑም አብሮ ይሄዳል። እዚህ ላይ ኮምቦልቻና ደሴ እንኳን ይለያያሉ። ደሴ ላይ 12 ሰዓት የሚፈልግ ፎርሚክ አሲድ ሞቅ በሚለው ኮምቦልቻ ቀድሞ ሊጨርስ ስለሚችል የእኔን ሰዓት አትቅዱ፣ የራሳችሁን ፈትሹ።

ካሴቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ይታጠባል። ብልቃጡ ላይ ደግሞ የፈሳሹን ዓይነት፣ የገባበትን ቀንና ሰዓት ለጥፉ። ይኼ ወረቀት በኋላ ሪፖርቱ ላይ ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ አልቆ እንደሆነ ፈትሹ

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። ካልሲየሙ ካለቀ በኋላ አሲዱ ሥራ አይፈታም። የሚበላው ሲያጣ ወደ ሴሉ ይዞራል።

አሲድ ውስጥ ያለ አጥንትን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ካልሲየም ካርቦኔቱ ሲሟሟ ላዩ ላይ የጤፍ ፍሬ የማታክል አረፋ ታወጣለች፣ ትላቀቅና ወደ ላይ ትወጣለች፣ ሌላ ትተካለች። አረፋው ሲሳሳ እያለቀ ነው ማለት ነው። ይኼ ግን ግምት ብቻ ነው። ኢዲቲኤ ውስጥ ደግሞ አረፋ አትጠብቁ።

ለፎርሚክ አሲድ እርግጠኛው የኦክሳሌት ፈተና ነው፦

1. አጥንቱ ለብዙ ሰዓት የቆየበትን ፈሳሽ 5 ሚሊ ሊትር ውሰዱ።
2. ሊትመስ እያስነካችሁ በአሞኒያ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አሲድነቱን አጥፉ። እዚህ ላይ ከደፈረሰ ገና ብዙ ካልሲየም አለ፤ ፈሳሹን ቀይራችሁ ቀጥሉ።
3. ጥርት ካለ 5 ሚሊ ሊትር የአሞኒየም ኦክሳሌት ሙሙት ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ።
4. ከደፈረሰ ካልሲየም ገና እየወጣ ነው፤ ቀይራችሁ ቀጥሉ። ጥርት ብሎ ከቆየ አልቋል። አሁኑኑ አውጡት።

ኤክስሬይ የምታገኙ ከሆነ ከሁሉም ይሻላል። ናሙናው ላይ ነጭ ጥላ ካልቀረ ጨርሷል። ለመቅኒ ናሙና ቀስ ብሎ ማጠፍም ይሠራል፤ እንደ ላስቲክ ከተለመጠ በቂ ነው። በመርፌ እየወጉ መፈተሽ ግን ቀዳዳ ይተዋል፣ ዕጢውንም ሊያፈናቅለው ይችላል። እኔ ትቼዋለሁ።

ደረጃ 6፦ አጥቡ፣ አሳልፉ

ከአሲድ የወጣ በሚፈስ ውሃ ከ30 ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት ይታጠብ። የቀረ አሲድ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ገብቶ መቁረጡን ይቀጥላል፣ ሄማቶክሲሊኑንም (ኒውክሊየስን ሰማያዊ የሚያደርገውን ቀለም) ያዳክማል። ከኢዲቲኤ የወጣም በደንብ ይታጠብ፤ ሳይታጠብ አልኮል ካገኘው ክሪስታል ይሠራል። ከዚያ እንደተለመደው አልኮል፣ ዛይሊን፣ ፓራፊን። ለአጥንት እያንዳንዱን ደረጃ ረዘም አድርጉት።

ብሎኩ ሲቆረጥ ቢላዋው ጠጠር እንደነካ ቢንቋቋስ? ሙሉውን አቅልጣችሁ ወደ አሲድ አትመልሱት። የብሎኩን ፊት ብቻ ኢዲቲኤ ወይም ቀላል አሲድ ላይ ለግማሽ ሰዓት ድፉት፣ አጥቡት፣ ቁረጡ። የሚለሰልሰው ከላይ ያሉት ጥቂት ማይክሮኖች ብቻ ስለሆነ ብሎኩን ስታስገቡ ብዙ አታባክኑ። በአሲድ ካደረጋችሁት ግን ኢሚውኖ የምትሠሩበት ሴክሽን አሲዱ የነካው እሱ ራሱ መሆኑን መዝግቡ።

ደረጃ 7፦ ሴክሽኑ ከስላይዱ እንዳይለቅ

ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ቁረጡ። ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላይድ ተጠቀሙ። ተራ ስላይድ ላይ አጥንት አይቆይም፣ በፈሩ ሲፈላ ተገልብጦ ይሄዳል። 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሌሊት አድርቁ፣ ከዚያ 60 ዲግሪ ላይ ለ1 ሰዓት። የቸኮለ ማድረቅ በሴክሽኑ ሥር ውሃ ያስቀራል፤ ሲፈላ ያ ውሃ ያነሳዋል።

ደረጃ 8፦ አንቲጅኑን በሙቀት መመለስ፣ እና የወሎ ደጋ ጉዳይ

ይኼን የመመሪያ ወረቀት ላይ አታገኙትም፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ከአንቲቦዲው ጋር የሚመጣው ወረቀት «98 ዲግሪ ላይ ለ20 ደቂቃ» ይላል። ያንን የጻፈው ሰው ያለው ቆላ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 91 እና 92 ዲግሪ መካከል ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነች 94 አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ክፍት የሆነ ዕቃ ውስጥ እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምሩ በፈሩ ይተናል እንጂ 98 አይደርስም። ደሴ ላይ ንፍሮ የቀቀለ ያውቀዋል፤ ቆላ ያለችው እህቱ ቀድማው ታወጣለች።

እናም አንቲጅኑ አሲድ ባይነካው እንኳ በደንብ ካልፈላ ፈዞ ይቀራል። ፈዘዘ፣ አሲድም ነክቶታል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ባዶ ስላይድ ነው። ብዙ ጊዜ «ዲካሉ ነው ያበላሸው» የተባለ ናሙና ሙቀቱ ሲስተካከል ቀለም ሲያወጣ አይቻለሁ።

ምን ታደርጋላችሁ?

- ቴርሞሜትሩን በፈሩ ውስጥ ክተቱ። የማሽኑ መስኮት ላይ የሚታየው ቁጥር አይበቃም።
- ፕሬሸር ኩከር ተጠቀሙ። ለቤት የሚገዛው፣ ፉጨት ያለው ድስት ይሠራል፤ ለላብራቶሪ ብቻ ይሁን እንጂ። ውስጡ በደጋም ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ሙሉ ግፊት ከያዘ በኋላ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጀምሩ።
- ግፊቱን በግድ አታስተንፍሱት። እሳቱን አጥፍታችሁ ራሱ ይብረድ፣ ከዚያ ስላይዶቹ በፈሩ ውስጥ እንዳሉ 20 ደቂቃ ይቆዩ። ድንገተኛው መንተክተክ ነው የአጥንት ሴክሽን የሚነቅለው።
- ፕሬሸር ኩከር ከሌለ በ91 ዲግሪ ጊዜውን አርዝሙ፤ ከ40 ደቂቃ ጀምራችሁ ሞክሩ። በፈሩ ስለሚተን እየሞላችሁ፤ ስላይድ አንዴ ከደረቀ አለቀለት።
- ሴክሽኑ አሁንም የሚነሳ ከሆነ በፒኤች 9 በፈር 60 ወይም 70 ዲግሪ ላይ አንድ ሌሊት ማሳደርም ይቻላል። ይዘገያል፣ አጥንቱ ግን ቦታው ላይ ያድራል።

የትኛው በፈር? ለኒውክሊየስ አንቲጅኖች ፒኤች 9 ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሲትሬቱ፦ 2.94 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት ለ1 ሊትር፣ ፒኤች 6.0። ትሪስ-ኢዲቲኤው፦ 1.21 ግራም ትሪስ እና 0.37 ግራም ኢዲቲኤ ለ1 ሊትር፣ ፒኤች 9.0። ለአዲስ አንቲቦዲ ሁለቱንም ሞክራችሁ የተሻለውን ያዙ።

ደረጃ 9፦ ማቅለም

ፔሮክሲዴዙን (ቡናማውን ቀለም የሚያወጣውን ኤንዛይም) አትርሱ። መቅኒ ውስጥ ያሉት ሴሎች የራሳቸው ፔሮክሲዴዝ አላቸው። ካልዘጋችሁት አንቲቦዲ ሳይነካቸው ይቀልማሉ። 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ከአንቲቦዲው በኋላ የምትጠቀሙበት ዳብ የተባለው ማቅለሚያ ካንሰር ያመጣል ተብሎ ስለሚጠረጠር ያለ ጓንት አይነካ።

ስላይዱ ፈዞ ስላያችሁ ብቻ አንቲቦዲውን አታወፍሩት። የጠፋ አንቲጅን አንቲቦዲ ስለበዛ አይመጣም፤ የሚመጣው ቡናማ ዳራ ነው።

ደረጃ 10፦ ኮንትሮላችሁ በናሙናው መንገድ ይለፍ

ዲካል ያልነካው ቶንሲል ኮንትሮል (እንደሚቀልም የታወቀ ማነጻጸሪያ) አድርጋችሁ «ኮንትሮሉ ሠርቷል፣ ናሙናው ኔጌቲቭ ነው» ማለት ዋጋ የለውም። ቶንሲሉ አሲዱን አላየውም። ያ ኮንትሮል የሚመሰክረው ለአንቲቦዲው ብቻ ነው።

ይኼን አንዴ ሥሩት፣ ለዓመታት ይጠቅማችኋል። ፊክስ የሆነ ቶንሲል አምስት ቦታ ቁረጡ። አንዱን ዲካል አታስነኩት፣ አንዱን 3 ቀን ኢዲቲኤ፣ አንዱን 12 ሰዓት ፎርሚክ አሲድ፣ አንዱን 24 ሰዓት ፎርሚክ አሲድ፣ አንዱን 24 ሰዓት ናይትሪክ አሲድ። አምስቱንም በአንድ ቀን አሳልፉ፣ በአንድ ቀን በኪ-67፣ በሲዲ20፣ በሲዲ3ና በሳይቶኬራቲን ቀልሙ። ጎን ለጎን ደርድራችሁ እዩ። የትኛው አንቲቦዲ በእናንተ ክፍል፣ በእናንተ ሙቀት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቶንሲል ካልሲየም ስለሌለው የአሲዱን ጉልበት የሚያበርድለት የለም፣ ስለዚህ ፈተናው ከአጥንቱ ይከብዳል፤ ለጥንቃቄ ይኼ ጥሩ ነው። ለኢስትሮጅን ሪሴፕተር ደግሞ በቶንሲል ፋንታ የማኅፀን ቲሹ ተጠቀሙ።

ናሙናው ውስጥም የራሱ ምስክር አለ። መቅኒ ካለ የሚባዙት የደም እናት ሴሎች በኪ-67 መቀለም አለባቸው፣ የደም ሥሮቹ በሲዲ34። እነሱ ባዶ ከሆኑ የዕጢው ባዶነት ምንም አይነግራችሁም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*አሲድን ለዓርብ ወይም ለበዓል ዋዜማ ማስገባት።* እኔም ድሮ፣ ሌላ ቦታ ስሠራ፣ የመቅኒ ናሙና ለአረፋ ዋዜማ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ አስገብቼ ተረኛው ያወጣዋል ብዬ ሄድኩ። አልተነጋገርንም ነበር። ስመለስ ኒውክሊየሶቹ ሄማቶክሲሊን እንኳ አልያዙም፣ ስላይዱ ከዳር እስከ ዳር ሮዝ ነበር። ታማሚው እንደገና መርፌ ተወጋ። ዛሬም ድረስ ያሳዝነኛል። መውሊድም ይሁን ጥምቀት፣ ማንም የማይገባበት ቀን ካለ ናሙናው ኢዲቲኤ ውስጥ ይደር ወይም ፎርማሊን ውስጥ ይቆይ።

*ኤች ኤንድ ኢው (የተለመደው የሄማቶክሲሊንና የኢዮሲን ቀለም) ስላማረ ኢሚውኖውም ያምራል ብሎ ማሰብ።* ኪ-67 ጠፍቶም ኤች ኤንድ ኢው ደህና ሊመስል ይችላል። ተቃራኒው ግን እውነት ነው፦ ኒውክሊየሱ ሄማቶክሲሊን እምቢ ካለ ኢሚውኖውን ከመጀመራችሁ በፊት ለፓቶሎጂስቱ ንገሩ።

*ያገለገለ ፈሳሽ ላይ አዲስ መጨመር።* ምን ያህል ጉልበት እንደቀረው አታውቁም፣ ሰዓታችሁም ትርጉም ያጣል።

*ብልቃጥ ውስጥ ካሴት ማጨቅ።* ዳር ያለው ያልቃል፣ መሃል ያለው ጥሬ ይቀራል። ከዚያ ለመሃሉ ሲባል ሁሉም ይቆያል።

*ሪፖርቱ ላይ ዲካሉን አለመጻፍ።* ፓቶሎጂስቱ ስላይዱን እንጂ ብልቃጡን አላየም። መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ «በ10 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ለ14 ሰዓት ካልሲየም ወጥቷል። ኔጌቲቭ የኢሚውኖ ውጤት በጥንቃቄ ይታይ።» ናሙናው ሌላ ከተማ ለኢሚውኖ የሚላክ ከሆነማ ይኼ ወረቀት ከብሎኩ ጋር ታስሮ መሄድ አለበት። እዚያ የሚቀበለው ሰው እናንተን አያውቃችሁም።

*ያገለገለ አሲድ ቀጥታ ወደ ማጠቢያ መድፋት።* በቤኪንግ ሶዳ ቀስ እያላችሁ አብርዱት፣ ይፈላልና ሰፊ ባልዲ ተጠቀሙ። ፒኤቹ 7 አካባቢ ሲደርስ በብዙ ውሃ ይፈስሳል። ፎርማሊን የነካው ግን ለብቻው ይጠራቀም።